«ግዛት» ስንል የትኛውን ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ስለ አሜሪካዋ ኒው ሜክሲኮ ታሪክ የተጻፈ ነገር ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። አንድ ቦታ «በ1850 ግዛት ሆነች» ብያለሁ። ሁለት ገጽ ሄድ ብዬ ደግሞ «በ1912 ግዛት ሆነች» ብዬ አረፍኩት። (ዓመቱ በፈረንጅ ነው።) ራሴ ሳነበው ሳቄ መጣ። አንድ አገር ስንቴ ግዛት ይሆናል?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥፋቱ የቃሉ ነው። የ1850ው ተሪቶሪ ነው፣ የ1912ው ስቴት። እኛ ሁለቱንም «ግዛት» እንላቸዋለን። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። በተሪቶሪ ዘመን ገዢውን የሚሾመው ፕሬዚዳንቱ ነበር። ነዋሪው ፕሬዚዳንት አይመርጥም። ወደ ኮንግረስ የሚልከው ሰውም ይናገራል እንጂ ድምፅ አይሰጥም። እንዲህ ሆነው 62 ዓመት ደጅ ጠኑ። አብዛኛው ሰው ስፓኒሽ ተናጋሪና ካቶሊክ መሆኑ ያልተዋጠላቸው ፖለቲከኞች ነበሩ። በመጨረሻ ጃንዋሪ 6 ቀን 1912 ኒው ሜክሲኮ 47ኛዋ ስቴት ሆነች።

እኔ ብሆን «ግዛት»ን ለ1850ው እተወዋለሁ። «ገዛ» ስንል በሥልጣንም ነው፣ በገንዘብም ነው። እዚያ ሁለቱም ደርሷል። በ1846 የአሜሪካ ጦር ተኩስ ሳይከፍት ሳንታ ፌ ገባ። በ1848 በጓዳሉፔ ኢዳልጎ ውል ሜክሲኮ ያን ምድር ከነካሊፎርኒያ አስረከበች፤ አሜሪካም 15 ሚሊዮን ዶላር ከፈለች። በጦር ገዛች፣ ከዚያ በብር ገዛች። ለ1912ው ግን «ስቴት» በይው። አሜሪካ ያለው ሐበሻ «የትኛው ስቴት ነህ?» ነው የሚለው። «ክፍለ ሀገር» ካልሽ ጎጃምና ወሎ ይመጡብናል። «ክልል» ካልሽማ ሌላ ክርክር ከፈትሽ።

ሌላ አባል፦ ስሟንስ «አዲስ ሜክሲኮ» ብንለው?

መልስ፦ ይቅርብህ ወንድሜ! የሸገር ልጅ አደባባዩ ታድሶ ይመስለዋል። ደግሞ ስሙ ከአገሪቱ ይቀድማል። ስፔኖች «ኑዌቮ ሜሂኮ» ያሉት በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሜክሲኮ ነፃ አገር የሆነችው በ1821 ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የዚያ ምድር ነባር ሕዝቦች የሚጠሩባቸው «አናሳዚ» እና «ፑዌብሎ»ስ?

መልስ፦ «አናሳዚ»ን ተዪው። አንደኛ፣ አንባቢው «አናሳ» ብሎ ያነበዋል። እነሱ ደግሞ ቻኮ ሸለቆ ውስጥ ከ600 በላይ ክፍል ያለው ሕንፃ በድንጋይ የገነቡ ናቸው፤ ምኑ ነው አናሳ? ሁለተኛ፣ ቃሉ የሌላ ነባር ሕዝብ፣ የናቫሆዎች ነው፤ ብዙ ጊዜ «የጥንት ጠላቶች» ተብሎ ይፈታል። የልጅ ልጆቻቸው ፑዌብሎዎች አይወዱትም። «የጥንት ፑዌብሎዎች» በቂ ነው። «ፑዌብሎ» በስፓኒሽ መንደርም ሕዝብም ነው። እንደኛ «አገር» በይው። «አገሩ ሁሉ ወጣ» ስንል የሚወጣው ሰው አይደል?

ጥያቄ፦ አንድ ብቻ ቀረኝ። በ1680 ፑዌብሎዎች በስፔን ላይ ሲነሱ መሪያቸው ፖፔ በየመንደሩ በሯጮች ገመድ ልኳል። ገመዱ ተቋጥሯል። በየቀኑ አንድ ቋጠሮ ይፈታሉ፤ የመጨረሻው ሲያልቅ መነሳት ነው። ይህን ገመድ ምን ልበለው? «የቀን መቁጠሪያ» ስለው ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ይመስላል።

ሌላ አባል፦ «የቀጠሮ ቋጠሮ»! የሁለቱ ቃላት ሥርም አንድ ሳይሆን አይቀርም።

መልስ፦ ሥሩን እንኳ ተወው፣ «ቀ» እና «ቋ» እንዲህ በቀላሉ አይጋቡም። ለጆሮ ግን አምሯል። ብቻ ያ ቀጠሮ አልተከበረም። ስፔኖች ገመዱን ይዘው ከሚሮጡት ሁለቱን ያዙ። ነገሩ መውጣቱ ሲሰማ ቋጠሮው ሳያልቅ ኦገስት 10 ቀን ተነሱ። ስፔኖቹ እስከ ኤል ፓሶ ሸሹ፤ ሳንታ ፌን መልሰው ለመያዝ 12 ዓመት ፈጀባቸው።

ጥያቄ፦ እንግዲያው «ቋጠሮው ሳያልቅ» የሚለውንም ወስጄዋለሁ ጋሼ። አሁን «ግዛት»ን ከ1912ው ልሰርዝ ልሂድ።