አየር ላይ የቆመች ኪንግፊሸር (ዓሣ አጥማጅ ወፍ)፦ ክንፏ ብዥ ይላል፤ ከሦስቱ ፎቶስ የቱ ይሻላል?

የሐይቋ ልጅ፦
ሰላም የወፍ ሰዎች። ካሜራው ካኖን 90ዲ፣ ሌንሱ የካኖን ከ100 እስከ 400 ሁለተኛው ሥሪት፣ ቦታው ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል። ጥቁርና ነጯ ኪንግፊሸር ከውሃው በላይ ባለችበት ቆማ ስታራግብ በ1/1000 ሰከንድ፣ በኤፍ 5.6 (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት)፣ አይኤስኦ (የካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ኦቶ ላይ ሆኖ ነው የተነሣችው። ዓይኗ ጥርት ብሎ ክንፏ ብዥ ይላል፤ ከግማሽ በላዩ ፎቶ ላይ ደግሞ ፎከሱ ኋላ ያለው ደንገል ላይ አርፏል። ከ640 ሦስት ቀርተዋል፦ ሀ. ግንድ ላይ ቁጭ ያለች፣ ላባዋ የሚቆጠር፤ ለ. አየር ላይ ሆና ወደ ታች የምታይ፣ የክንፏ ጫፍ በጥቂቱ የበዠ፤ ሐ. ዓሣ ይዛ የወጣች፣ ግን ጀርባዋን የሰጠች። በኤ4 ለማተም የቱ ይሁን?

ሮው ብቻ፦
እንዲህ ስታራግብ ጭንቅላቷን ከቦታው ንቅንቅ አታደርገውም፣ ክንፏ ግን እረፍት የለውም። ዓይኑ ጠርቶ ክንፉ የሚበዠው ለዚህ ነው። 1/2500 ላይ ጀምሪ፤ ስትወረወር ለመያዝ 1/3200። አይኤስኦ 400 የነበረው ወደ 1250 ይወጣል፣ ፎቶው ትንሽ አሸዋ አሸዋ ይላል፤ እሱ በኋላ ይጸዳል፣ የበዠ ላባ ግን በምንም አይመለስም።

አይኤስኦ ኦቶውን ደግሞ አጥፊው። ወፏ ከጥቁር ውሃ ተነሥታ ሰማይ ላይ ስትወጣ የኋላዋ እንጂ እሷ ላይ ያረፈው ብርሃን አልተለወጠም፤ ካሜራው ግን ይደናገራል። ውሃው ላይ ሆዷን ነጭ ወረቀት ያደርገዋል፣ ሰማይ ላይ ያጠቁራታል። አንድ ፎቶ አንሺ፣ ስክሪኑ ላይ ነጩ ከልክ በላይ ሲነጣ የሚብለጨለጨው ማስጠንቀቂያ እስኪጠፋ አይኤስኦውን ዝቅ አድርጊ፣ ከዚያ አትንኪው። ደመና ሲመጣ ብቻ እንደገና።

ፎከሱ ሰርቮ (የሚንቀሳቀሰውን እየተከተለ የሚያጠራው) ላይ ይሁን፤ 45ቱም የፎከስ ነጥብ በርቶ ከሆነ ግን ደንገሉን መምረጡ አይገርምም። መካከለኛውን ዞን (መሃል ላይ የተሰበሰቡትን ነጥቦች ብቻ) ተጠቀሚ። ከካሜራው ሜኑ፣ ካስተም ፈንክሽን ከሚለው ውስጥ የክትትሉን ስሜታዊነት ወደ −1 ወይም −2 አውርጂው፣ ነጥቡ ለቅጽበት ቢያመልጥሽ ወዲያው ኋላ አይሄድም። የሌንሱ ጎን ላይ ያለውንም የፎከስ ርቀት መወሰኛ ማብሪያ ከ3 ሜትር ወዲያ በሚለው ላይ አድርጊው።

አባ ኮዳ፦
ሮው ብቻ ያለው ሁሉ ትክክል ሆኖ ሰዓቱ ካልሆነ ዋጋ የለውም። ከተማው ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ ስለሆነ ጠዋት ፀሐይዋ ከጀርባሽ ናት። ከ12:30 እስከ 2:30 ጨርሺ። ረፈድ ሲል ሆዷ ጥላ ይሆናል፣ ውሃው ላይ ያለው ሙቅ አየርም ይንቀጠቀጣል፤ በ400 ሚሊ ሜትር ያኔ የሚጠራ ፎቶ የለም፣ ሰው ግን ሌንሱን ይራገማል። ማታ ፊት ለፊት ታበራብሻለች።

ሌላው ነፋስ ነው። ይቺ ወፍ የምታራግበው ፊቷን ወደ ነፋስ አዙራ ነው። ከጀርባሽ ሲነፍስ ወደ አንቺ ታያለች፤ ከሐይቁ ሲነፍስ ጀርባዋን ስታነሺ ትውያለሽ። ቁጭ በይ፣ ሌንሱን ወደ ውሃው አውርጂው፤ ደንገሉ ከወፏ በራቀ መጠን አረንጓዴ ቀለም ብቻ ሆኖ ይቀራል። ገደሉ ላይ ቀዳዳ ካየሽ ጎጆዋ ሊሆን ይችላልና ፊቱ አትቁሚ፣ ዓሣ ይዛ መግባት ትፈራለች።

ቀስተኛው፦
ስለ ምርጫው፦ ሐን ጣይው። ዓሣው ያጓጓል እንጂ ዓይኗ የለም። ለን በ100 ፐርሰንት ከፍተሽ ዓይኗ ውስጥ ነጥብ ብርሃን መኖሩን እይ። ካለ እሱ ነው። 90ዲ በወርዱ 6960 ፒክስል ይሰጣል፤ ግማሹን ቆርጠሽ ብትጥዪ እንኳ ለኤ4 በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ገደማ ይበቃል፣ በዚያ መጠን የክንፏ ጫፍ ብዥታ እንቅስቃሴ መስሎ ይታያል። ስትቆርጪ የምታይበትን ታች ክፍት ተዪላት።

ሮው ብቻ፦
አልስማማም። ሀ ላይ ላባው ይቆጠራል ተብሏል። ለ በ1/3200 ነገም ይገኛል።

ቀስተኛው፦
ሀም ነገ ይገኛል፤ ግንዱ የትም አይሄድም።

የሐይቋ ልጅ፦
ዓይኗ ውስጥ ነጥቡ አለ። ለ ይታተማል። ከሥሩ ወንድ ወይስ ሴት ብዬ ልጻፍ?

አባ ኮዳ፦
ደረቱን እይ። መሃሉ ላይ የተቆረጠ አንድ ጥቁር መቀነት ከሆነ ሴት፣ ሁለት ከሆነ ወንድ።

የሐይቋ ልጅ፦
ሁለት ነው። ይኸው ስንት ሰዓት ሙሉ «እሷ» ስንለው ዋልን።