እናቴን ይዤ ስዊዘርላንድ በባቡር፦ ጉልበቷ ሳይደክም ሐይቁንም ተራራውንም እንዴት ላሳያት?

የድሬ ልጅ (ፍራንክፈርት)፦ ጥያቄ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እናቴ በሐምሌ መጨረሻ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ ትመጣለች። ለ6 ቀን ስዊዘርላንድ ልወስዳት አስቤያለሁ፤ በባቡር። እናቴ ያደገችው ድሬዳዋ ነው። አያቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ልጅ ሆና በባቡር አዲስ አበባ የመጣችበትን ቀን እስከ ዛሬ ታወራዋለች። ከዚያ ወዲህ ረጅም የባቡር መንገድ ሄዳ አታውቅም።

አሁን 68 ዓመቷ ነው። ቀኝ ጉልበቷን ያማታል። ደረጃ መውጣቱን ትችለዋለች፣ መውረዱ ነው የሚከብዳት። የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። የምንሄደው ከነሐሴ 4 እስከ 9 ስለሆነ ፍልሰታ ላይ ነን፤ እሷ ደግሞ መንገደኛ ነኝ ብላ ጾም የምትገድፍ አይደለችም።

ያወጣሁት እቅድ ይኸው፦ ዙሪክ 1 ቀን፣ ሉትሰርን 1 ቀን፣ ዩንግፍራውዮኽ (ባቡር የሚወጣበት የበረዶ ተራራ) 1 ቀን፣ ዘርማት 1 ቀን፣ በበርኒና ባቡር ቲራኖ 1 ቀን፣ መጨረሻ ላይ ጄኔቭ። ቪዛዋ ከጀርመን ኤምባሲ የተሰጠ የአንድ ጊዜ መግቢያ ነው። ስዊዘርላንድ ገብታ መመለስ ትችላለች ወይ? ቲኬትስ የትኛው ያዋጣል? ተራራው ላይ አየሩ አይከብዳትም? የጾም ምግብስ እናገኛለን? የምታውቁ እባካችሁ ምከሩኝ።

የባዝል ነዋሪ፦

ቪዛው አያሳስብሽ። ስዊዘርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ባትሆንም ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሼንገን (በአንድ ቪዛ የሚዞሩባቸው አገሮች) ውስጥ ናት። ከጀርመን ስትሻገሩ እናትሽ ከሼንገን ወጡ አይባልም፤ አንዷ መግቢያቸውም አትቃጠልም። ቪዛው ላይ የተጻፈው የቆይታ ቀን እንዳያልፍ ብቻ ተጠንቀቂ። ፓስፖርታቸው በእጅ ቦርሳ ይሁን፣ ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቺው። ባዝል አካባቢ አንዳንዴ ባቡር ውስጥ ገብተው ይጠይቃሉ። አንቺም ፓስፖርትሽንና የመኖሪያ ፈቃድ ካርድሽን ያዢ። የጉዞ ኢንሹራንሳቸው ጀርመንን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም የሼንገን አገሮች የሚሸፍን መሆኑን ወረቀቱ ላይ እዪ።

ሰው የሚረሳው ስልኩን ነው። በኅብረቱ አገሮች ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚሠራልሽ ኢንተርኔት ስዊዘርላንድ ላይ ላይሠራ ይችላል። ውልሽን ሳታዪ ዳታ ከፍተሽ እንዳትሻገሪ። አንድ ዘመዴ እዚህ መጥቶ በአንድ ከሰዓት ቪዲዮ ልኮ ሲመለስ የጠበቀው ሂሳብ አስደንግጦታል።

ዶይቸላንድቲኬት (የጀርመን ወርሃዊ የክልል ባቡር ቲኬት) ካለሽ እስከ ባዝል ባዲሸር ባንሆፍ ያደርስሻል፣ ግን በፈጣኑ ባቡር አይሠራም። በየመንገዱ ባቡር እየቀየርሽ እናትሽን አታድክሚ። ቀጥታውን ፈጣን ባቡር (አይሲኢ) ቀደም ብለሽ ግዢ፤ 3 ሰዓት ያህል ነው።

ሐዲድ (ሉትሰርን)፦

እህቴ፣ እቅድሽ ላይ ፊት ለፊት ልናገር። በ6 ቀን 6 ቦታ ማለት በየቀኑ ሻንጣ ማሰርና መፍታት ነው። እማማ የሚያስታውሱት የጣቢያ ደረጃ ብቻ ይሆናል። ዘርማትን፣ ቲራኖንና ጄኔቭን ለሌላ ጊዜ አቆዪ። ሁለት ቦታ ብቻ እደሩ፦ ሉትሰርን 3 ሌሊት፣ ኢንተርላከን ወይም ላውተርብሩነን 2 ሌሊት።

ሉትሰርን ለጉልበት የተመቸች ናት። ከባቡር ጣቢያው በር ወጥተሽ መንገዱን ስትሻገሪ መርከቦቹ ቆመዋል። ካፔልብሩከ የሚባለው የእንጨት ድልድይ የጥቂት ደቂቃ እርምጃ ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ፣ ጣሪያ ያለው ድልድይ ነው። ከጣሪያው ሥር ባለ ሦስት ማዕዘን ሥዕሎች ተደርድረዋል። በነሐሴ 1993 እ.ኤ.አ. ሌሊት ላይ ተቃጥሎ አብዛኞቹ ሥዕሎች ጠፉ፤ ድልድዩን ግን በዓመቱ መልሰው ሠርተው ከፈቱት። ከሥዕሎቹ መካከል የቅዱስ ሞሪስ ታሪክ አለ። በትውፊት ከግብጽ ከቴብስ የመጣ ወታደር፣ ሰማዕት ነው። ለእማማ ይህን ንገሪያቸው፤ ቀና ብለው እያዩ ቀስ ብለው እንደሚያልፉት እርግጠኛ ነኝ።

ሁለተኛው ቀን የሪጊ ተራራ ነው። እኔ ብሆን ለዩንግፍራውዮኽ ያሰብሽውን ቀን ለዚህ እሰጠው ነበር። ከሉትሰርን በመርከብ ፊትስናው ድረስ አንድ ሰዓት ያህል ነው። እዚያ ከመርከቡ ስትወርዱ ቀዩ ባቡር አጠገባችሁ ቆሞ ይጠብቃል። በ1871 እ.ኤ.አ. የተከፈተ፣ በአውሮፓ የመጀመሪያው የተራራ ባቡር ይህ ነው። በሁለቱ ሐዲዶች መሀል ጥርስ ያለው ሦስተኛ ሐዲድ አለ፤ ባቡሩ በሆዱ ያለውን ጥርስ መሽከርከሪያ በሱ ላይ እየነከሰ ይወጣል። በግማሽ ሰዓት ከሪጊ ኩልም ጣቢያ ትደርሳላችሁ። ጫፉ 1,798 ሜትር ነው። አግዳሚ ወንበር አለ፣ ሐይቆቹ ከታች ተዘርግተው ይታያሉ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ብዙዎች ሲመለሱ በኬብል መኪና ወደ ቬጊስ ውረዱ ይላሉ። የኬብሉ ጣቢያ ከወደቡ ሩብ ሰዓት ያህል ቁልቁል የሚያስኬድ ነው። ለእማማ ጉልበት አይሆንም። በመጣችሁበት ተመለሱ።

መርከብ ስትመርጡ በእንፋሎት የሚሠሩትን አሮጌዎቹን ፈልጊ። አምስት አሉ፤ "ኡሪ" የምትባለው የ1901 እ.ኤ.አ. ናት። በታችኛው ፎቅ መሀል ላይ ክፍት ቦታ አለ። ተደግፈሽ ወደ ታች ስታዪ ሞተሩ እየሠራ ታዪዋለሽ። የባቡር ሠራተኛ ልጅ ይህ ሊያመልጣት አይገባም።

የሽቱትጋርት መንገደኛ፦

እኔ በዩንግፍራውዮኽ አልስማማም። ሰው አንዴ ስዊዘርላንድ መጥቶ በረዶ ሳይረግጥ ይመለስ? በ1912 እ.ኤ.አ. ተራራውን ውስጥ ለውስጥ ፈልፍለው ያስገቡት ባቡር ነው። በአውሮፓ በጋም ግራና ቀኙ በረዶ ነው። ውድ መሆኑን አልክድም፣ ግን እናት ደግማ ላትመጣ ትችላለች።

ሲስተር (ዙሪክ፣ ነርስ)፦

ወንድሜ ያልከው ቦታ ውብ ነው፣ እኔም ሄጃለሁ። ግን ጣቢያው 3,454 ሜትር ላይ ነው። ከእንጦጦ አናት ይበልጣል። አዲስ አበባ የኖረ ሰው ከፍታ ለምዷል እንላለን፤ እውነትነት አለው። ሆኖም ፍራንክፈርት ዝቅተኛ ቦታ ነው። ሁለት ሳምንት ከተቀመጡ በኋላ የለመዱት ነገር እየቀነሰ ይሄዳል። ከ2,500 ሜትር በላይ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ትንፋሽ ማጠር ጤነኛውንም ሰው ይይዘዋል። ግፊት ያለባቸው እናት ደግሞ ከሐኪማቸው ጋር ሳይነጋገሩ በአንድ ማለዳ ያን ያህል ባይወጡ ደስ ይለኛል።

ሪጊ ከአዲስ አበባ ዝቅ ያለ ነው። እዚያ ምንም ስጋት የለኝም። መድኃኒታቸውን በሁለት ቦርሳ ክፈዪው፤ አንዱ ቢጠፋ አንዱ ይኖራል። ጾመኛ ስለሆኑ ውሃ እንዲጠጡ አስታውሻቸው። በየአደባባዩ ያለው የምንጭ ውሃ ይጠጣል፣ "ካይን ትሪንክቫሰር" (የማይጠጣ ውሃ) የሚል ጽሑፍ ካላየሽበት በቀር።

ሐዲድ (ሉትሰርን)፦

በሲስተር ሐሳብ እስማማለሁ። በበርኒና ላይም ልጨምር። መስመሩ እውነትም ዕጹብ ነው፤ 2,253 ሜትር ላይ ወጥቶ ቲራኖ ይወርዳል፣ ግን ከሉትሰርን ሄዶ ለመመለስ ሩቅ ነው። ሌላ ጊዜ ከሄድሽ በዚያው ሐዲድ ላይ ተራው የክልል ባቡርም እንደሚሄድ እወቂ። የወንበር ቦታ ማስያዝ አይጠይቅም።

ወደ ኢንተርላከን ስትሄዱ ከሉትሰርን በብሩኒግ በኩል የሚያልፈውን ባቡር ያዙ፤ 2 ሰዓት ያህል ነው። ስትነሱ በስተቀኝ ተቀመጡ፤ የሳርነንና የሉንገርን ሐይቆች በዚያ በኩል ናቸው። ማይሪንገን ላይ ባቡሩ አቅጣጫ ይቀይርና ወደ ኋላ የሚሄድ ይመስላል። አትነሱ። የብሪየንትስ ሐይቅም በእናንተው መስኮት በኩል ይመጣል። ሐይቁ ሰማያዊም አረንጓዴም ያልሆነ ቀለም አለው። የበረዶው ግግር ድንጋዩን ፈጭቶ የሚያወርደው ደቃቅ ዱቄት ነው እንዲያ የሚያደርገው።

የበርን ልጅ፦

ከኢንተርላከን ኦስት ወደ ላውተርብሩነን ስትሳፈሩ የሰሌዳውን ፊደል አንብቡ። ባቡሩ ጽቫይሉቺነን ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ላውተርብሩነን፣ ግማሹ ግሪንደልቫልድ ይሄዳል። እኔ ሰሌዳውን ሳላይ ተሳፍሬ ከነቤተሰቤ ግሪንደልቫልድ ደርሻለሁ። አገሩ ቆንጆ ነው፣ ምሳችን ግን በላውተርብሩነን ነበር የተያዘው።

ሽታውብባኽ ፏፏቴን ሳታዩ አትመለሱ። 297 ሜትር ነው፤ ከመንደሩ መንገድ ላይ ቆመሽ ከገደሉ ጫፍ ሲወረወር ታዪዋለሽ። መንገዱ ለጥ ያለ ነው። ትሩመልባኽ የሚባለው ፏፏቴ ግን ተራራ ውስጥ ያለ ስለሆነ አሳንሰር ቢኖረውም ብዙ እርጥብ ደረጃ አለው። ለእማማ አይሁን። በሱ ፋንታ ከኢንተርላከን በመርከብ ጊስባኽ ሂዱ። ከወደቡ በ1879 እ.ኤ.አ. የተሠራ ትንሽ የገመድ ባቡር ሽቅብ ይወስዳችኋል። ፏፏቴውን ቁጭ ብላችሁ ታያላችሁ።

በመጨረሻው ቀን በርን ላይ ወርዳችሁ ሻንጣችሁን ጣቢያው ሳጥን ውስጥ ቆልፉ። አሮጌው ከተማ በረንዳ በበረንዳ ነው። ፀሐይም ዝናብም አይነካችሁም።

ማርታ ዘፍልሰታ፦

ምግቡን ለኔ ተዪው፤ ሦስት ፍልሰታ እዚህ ጾሜያለሁ። ሆቴል ሳይሆን ኩሽና ያለው ቤት ተከራዪ። እንጀራ ከፍራንክፈርት ይዛችሁ ኑ፣ ሽሮና በሶ አይርሱ። ኮፕና ሚግሮ የሚባሉት ሱቆች ውስጥ ምስር፣ ሽምብራና ሁመስ ሞልቷል፤ "ቪጋን" የሚል ካለበት ለጾም ይሆናል። ምግብ ቤት ውስጥ "ረሽቲ" የሚሉት ድንች ያጓጓል፣ ግን ብዙ ጊዜ በቅቤ ነው የሚጠበሰው። ጠይቂ። እሁድ ሱቅ ዝግ ነው፣ ክፍት የሚሆነው ትልልቅ ጣቢያ ውስጥ ያለው ነው። ቅዳሜ ግዙ።

ሐዲድ (ሉትሰርን)፦

ቲኬቱን ረሳነው። ስዊስ ትራቭል ፓስ የሚባለው የጎብኚ ቲኬት ባቡሩን፣ የሐይቅ መርከቡንና ሪጊን ጭምር ይሸፍናል። ለአንድ ወር የሚሠራው የግማሽ ዋጋ ካርድ ደግሞ በየቲኬቱ ላይ ግማሹን ይቀንስልሻል። የምትሄዱበትን በባቡሩ መተግበሪያ ላይ አስገብተሽ ደምሪና አወዳድሪ። በሉትሰርንም በኢንተርላከንም የሚያድር እንግዳ ለአካባቢው አውቶቡስ ነፃ ካርድ አለው፤ ስትገቡ ጠይቂ።

አንድ ነገር ለእማማ አጫውቺያቸው። የድሬዳዋን ባቡር ፈቃድ በ1894 እ.ኤ.አ. ከዳግማዊ ምኒልክ የተቀበለው አልፍሬድ ኢልግ ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ ነው። የአያትሽን ሥራ የጀመረው ሰው የዚህ አገር ልጅ ነበር።

የድሬ ልጅ (ፍራንክፈርት)፦ ተመልሰን

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያላችሁትን ነው ያደረግነው። ፓስፖርት አንዴ ተጠየቅን፣ ችግር አልነበረም። የግማሽ ዋጋ ካርዱን ገዛን። የመጀመሪያው ቀን በሙሉ ዘነበ፤ ድልድዩን ሁለት ጊዜ ተመላለስንበት። ማርታ፣ በሶው አዳነን።

ፊትስናው ላይ እናቴ ባቡሩ ውስጥ ከመግባቷ በፊት ጎንበስ ብላ ጥርሱን ሐዲድ አየችው። "አባዬ ይህን አላየም" አለች። ሌላ ምንም አልተናገረችም፣ እስከ ላይ ድረስ መስኮቱን ይዛ ሄደች።

ስንመለስ የደረሰልን "ኡሪ" ነበረች። እናቴን ከሞተሩ ፊት ማንሳት አልቻልኩም። ብረቱ ወዲያና ወዲህ ሲል፣ ሠራተኛው ጨርቅ ይዞ ሲወለውል አንድ ሰዓት ቆማ አየች። ጉልበቷን ጭራሽ ረሳችው። ከዚያ ድሬዳዋ ላለው ታላቅ ወንድሟ ደወለችና ስልኩን በሞተሩ አቅጣጫ ዘረጋችው። "ስማው እስቲ" አለችው። አጎቴ ዝም ብሎ አዳመጠ።

"ዘይቱ ይሸታል?" አላት።

"ይሸታል" አለችው።