በአፈር ሜዳ ላይ የሚርገበገብ የፊት ጎማ፦ እግሩን እናወፍረው ወይስ ሌላ መፍትሔ አለ?

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ ከጓደኞቼ ጋር የምንሠራው ባለሁለት መቀመጫ የአሉሚኒየም አውሮፕላን ክንፉና ሞተሩ ተገጥሞለት ከከተማ ወጣ ባለ የአፈር ሜዳ ላይ የማኮብኮብ ሙከራ ጀምሯል። ከሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የበረራ ፈቃድ ሳናገኝ ከመሬት ስለማንነሣ የዛሬው ጥያቄዬ አውሮፕላኑ መሬት ላይ ስላለው ጠባይ ብቻ ነው።

የፊት ጎማው የጅራቱን መሪ ከሚያዞረው የራደር ፔዳል ጋር አልተያያዘም፤ በራሱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚዞር ሲሆን አቅጣጫ የምንይዘው የግራውንና የቀኙን ዋና ጎማ ፍሬን ለየብቻ በመርገጥ ነው። እግሩ ከሞተር መያዣው ፍሬም ተነሥቶ ወደ ታች የሚወርድ ድፍን የብረት ዘንግ ሲሆን በታችኛው ጫፉ ላይ ጎማውን ከሁለት በኩል የሚይዘው ፎርክ በዳዶና በሮንዴላ ታስሯል። የጎማው ቁመት 28 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው።

ያጋጠመን ችግር ሁለት ነው። አንደኛ፣ ፍጥነታችን ከሰው ሩጫ ትንሽ ከፍ ሲል ጎማው በኃይል ይርገበገብና ንዝረቱ እስከ መቀመጫው ድረስ ይሰማል። ሁለተኛ፣ ከቀዩ አፈር ወጥተን ወደ ሜዳው ጠርዝ ዋልካ ስንገባ እግሩ ወደ ኋላ ሲለጠጥና ተመልሶ ሲዘረጋ ከውጭ የቆመ ሰው ያየዋል፤ የፎርኩ የታችኛው ጫፍም በአፈር ተፋቅፎ አግኝተነዋል። ከመካከላችን ግማሹ እግሩን በወፍራም ዘንግ እንለውጠው ሲል ግማሹ ደግሞ ባለው ዘንግ ላይ የብረት ማጠናከሪያ እንበይድበት ይላል። በዚህ ሥራ ያለፋችሁ ወይም ብረት የምታውቁ ሰዎች ከየት እንድንጀምር ትመክሩናላችሁ?

ቶርኖ ቤት (ደብረ ማርቆስ)

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት እግሩን በብየዳ እንዳትነኩት አደራ እላለሁ። እንዲህ ያለው ዘንግ በአብዛኛው በሙቀት ተጠናክሮ የሞላ ጠባይ እንዲኖረው የተደረገ ብረት ነው። ብየዳ ያረፈበት ቦታና ዙሪያው ያንን ጥንካሬ ያጣል፤ ስንጥቅም የሚጀምረው በትክክል እዚያ፣ በተበየደውና ባልተበየደው ብረት መካከል ነው። የሞተር መያዣው ፍሬም ከክሮሞሊ (ክሮሚየምና ሞሊብዲነም ከተቀላቀለበት ብረት) ቱቦ የተሠራ ከሆነ በባለሙያ እጅ ሊበየድ ይችላል፤ እግሩ ግን ሌላ ነገር ነው።

የማወፈሩን ሐሳብም ከመቀበላችሁ በፊት ስሌቱን ተመልከቱት። ድፍን ክብ ዘንግ ሲገፋ የሚያሳየው ግትርነት የሚያድገው በዲያሜትሩ አራተኛ ርቢ ነው። ዲያሜትሩን 10 በመቶ ብቻ ብትጨምሩ ግትርነቱ 46 በመቶ ያህል፣ ጥንካሬው ደግሞ 33 በመቶ ያህል ይጨምራል። ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን እግሩ ለአውሮፕላኑ ሞላም ጭምር ስለሆነ፣ እርሱ መለጠጡን ሲቀንስ ግጭቱ ወደ ላይ ወጥቶ የሞተር መያዣውን ብየዳዎችና ሞተሩን ከመቀመጫው ክፍል የሚለየውን ስስ ግድግዳ ያገኛል። እግር ተፈትቶ በሌላ ይለወጣል፤ የሞተር መያዣ ሲሰነጠቅ ግን ሞተሩ መውረድ አለበት፤ ስንጥቁ ሳይታይ ከቀረ ደግሞ የሚከተለው ከዚያ የከፋ ነው። ስለዚህ አሁኑኑ የሞተሩን ሽፋን ከፍታችሁ እግሩ የገባበትን ቦታ፣ በዙሪያው ያሉትን ብየዳዎች በሙሉና የግድግዳውን ቆርቆሮ በጥሩ ባትሪ እያበራችሁ መርምሩ። ቆርቆሮው ላይ መጨማደድ ካያችሁ ጭነቱ እዚያ ደርሷል ማለት ነው። በብየዳ ዙሪያ የቀለም መሰንጠቅ ወይም ቀጭን የዝገት መስመር ካያችሁ ቀለሙን አንሥታችሁ ስንጥቅ በሚያሳየው ሰርጎ ገብ ቀለም ፈትሹት።

አሁን ወደ መርገብገቡ ልምጣ፤ እኔ ዋናው ነገር እዚህ ይመስለኛል። በራሱ የሚዞር ጎማ እንዳይርገበገብ የሚያደርገው ፎርኩ ሲዞር የሚገጥመው ሰበቃ ነው። ይህን ሰበቃ የሚፈጥሩት ከዳዶው ሥር የተደረደሩት ጎድጓዳ ሮንዴላዎች ናቸው። ዳዶው ሲላላ ወይም ሮንዴላዎቹ ሲበሉ ፎርኩ በነፃ ይወዛወዛል። ባለቤቱ ራሱ የሚገጣጥማቸውን አውሮፕላኖች (ኪቶች) የሚሸጠው የአሜሪካው ቫንስ ኤርክራፍት ለአርቪ-7ኤ እና ለአርቪ-9ኤ ሞዴሎቹ የሚሰጠው ልክ 22 ፓውንድ፣ ማለትም 10 ኪሎ ግራም ያህል ነው። የሚለካውም አፍንጫው ከመሬት ተነሥቶ ጎማው በአየር ላይ እያለ፣ የሞላ ሚዛን በጎማው አክስል ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ጎን ሲሳብና ፎርኩ መዞር ሲጀምር በሚታየው ቁጥር ነው። የእናንተ ሥዕል የራሱ ቁጥር ካለው እርሱን ያዙ፤ ከሌለው ይህ መነሻ ይሆናችኋል። ገበያ ላይ እህል የሚመዘንበት የሞላ ሚዛን ለዚህ ይበቃል፤ አስቀድማችሁ ክብደቱ በሚታወቅ ነገር ማረጋገጥ ብቻ ነው።

ሌላው የጎማው ኩሽኔታ ነው። አፍንጫው በተነሣበት ጎማውን በእጃችሁ አዙሩት፤ ጥቂት ዙር ሳይዞር ከቆመ ፍሬን እንደ ተያዘ ነው፤ በሜዳው ላይ እግሩን ወደ ኋላ የሚጎትተው አንዱ ኃይል ይኸው ነው። ችግሩ የሚመጣው የአክስሉ ብሎን በደንብ ሲጠብቅ ኩሽኔታዎቹ አብረው ስለሚታፈኑ፣ ብሎኑ ሲላላ ደግሞ ኩሽኔታው ስለሚወዛወዝ ነው። መፍትሔው በሁለቱ ኩሽኔታዎች የውስጥ ቀለበቶች መካከል ልኩን የጠበቀ የቱቦ ማራራቂያ አስገብቶ የብሎኑ ጥብቀት በማራራቂያው በኩል እንዲያልፍ ማድረግ ነው። ይህን ማንኛውም ጥሩ ቶርኖ ያለው ሰው ይሠራላችኋል፤ ነገር ግን ርዝመቱን በካሊፐር ሳይሆን በማይክሮ ሜትር እንዲለካ አጥብቃችሁ ንገሩት። ማራራቂያው ትንሽ ካጠረ ኩሽኔታው ይታፈናል፣ ትንሽ ከረዘመም ይወዛወዛል።

ዘቢቸና (ምሥራቅ ጎጃም)

እኔ የአውሮፕላን ባለሙያ አይደለሁም፤ ሥራዬ ከመሬትና ከእርሻ መሣሪያ ጋር ስለሆነ ስለ ሜዳው ብቻ እናገራለሁ። የእናንተ አውሮፕላን የሚሄድበትን መሬት በአንድ ስም ባትጠሩት ጥሩ ነው። ቀዩ አፈር ሲደርቅ ጠጣርና እኩል ነው። ዋልካው ግን በክረምት ጎማ ይውጣል፤ በበጋ ደግሞ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ የስንጥቁ ስፋት የሰው እጅ የሚያስገባበት ጊዜ አለ። ከብት በእርጥቡ የረገጠው የኮቴ ጉድጓድም ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። በዚህ ላይ ፍልፈል በአንድ ሌሊት የአፈር ክምር ስለሚያወጣ ትናንት የተመለከታችሁት ሜዳ ዛሬ ያው አይደለም። ከሙከራ በፊት ጠዋት ሜዳውን ዳር እስከ ዳር በእግር መሄድ፣ ክምሩን መደልደል፣ የዋልካውን ጠርዝ ደግሞ በካስማ አጥሮ መከልከል ወጪ የሌለው ማሻሻያ ነው።

የጎማው መጠንም ያሳስበኛል። አንድ ጎማ ጠርዝ ለመውጣት የሚያስፈልገውን ወደ ኋላ የሚገፋ ኃይል በወረቀት አስልቼ ነበር። ጎማው ግትር ነው ብለን ብንይዝ፣ 28 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ጎማ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጠርዝ ሲገጥመው የሚያርፍበትን ክብደት 1.2 እጥፍ ያህል ወደ ኋላ ይገፋል። 44 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት ያለው ባለ 6.00-6 ጎማ ቢሆን ግን ኃይሉ ወደ 0.8 እጥፍ ይወርዳል። የጎማውን አየር መጠነኛ ማድረግም ጠርዙን ያለሰልሰዋል። ከዚህ ተነሥቼ ትልቅ ጎማ ብታስገቡ ይሻላል ባይ ነኝ፤ የአውሮፕላን ሰዎች ግን ያርሙኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1935 በአገራችን የተሠራችውና በ2024 ከጣሊያን የተመለሰችው «ፀሐይ» የፊት ጎማ የላትም፤ ኋላዋ ላይ የምታርፍ ናት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሥራ የጀመረባቸው ሲ-47 አውሮፕላኖችም እንዲሁ ነበሩ። እንዲህ ላለው ሜዳ የጅራት ጎማ አይሻልም ነበር?

ጮቄ ሥር

ዘቢቸና ያነሡት የጅራት ጎማ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ የፊት ጎማ የሌለው አውሮፕላን ሸካራ ሜዳን በእርግጥ የተሻለ ይቋቋማል። ነገር ግን የዋናዎቹን ጎማዎች ቦታ፣ የሞተር መያዣውንና የክብደት ማዕከሉን ስሌት እንደገና መሥራት ስለሚያስፈልግ ለተጠናቀቀ አውሮፕላን መንገዱ ሩቅ ነው። ትልቅ ጎማ ማስገባቱም ደግ ነው፤ ፎርኩ ግን አብሮ መለወጥ አለበት፣ በአፍንጫው በኩል የሚጨመረው ክብደትም በሚዛን ስሌቱ ውስጥ መግባት አለበት። ፕሮፔለሩ ከመሬት ያለውንም ርቀት ለኩ። እ.ኤ.አ. እስከ 2017 በነበረው የአሜሪካ ደንብ የፋብሪካ አውሮፕላን ባለ ፊት ጎማ ሲሆን ቢያንስ 7 ኢንች፣ ማለትም 18 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይጠበቅበት ነበር፤ ለእናንተም መለኪያ ይሁናችሁ።

የፎርኩን ጫፍ አፈር ፋቀው ያላችሁት ቃል ከሁሉ ይበልጥ አሳስቦኛል። የቫንስ አውሮፕላኖች ላይ ተመሳሳይ አደጋ ይደርስ ስለነበር ኩባንያው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2007 ባወጣው የአገልግሎት ማስታወቂያ ፎርኩ በአዲስ እንዲለወጥና የእግሩ የታችኛው ጫፍ እንዲያጥር አድርጎ ዳዶው ከመሬት ያለውን ርቀት አሳድጓል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እግሩ ሲለጠጥ ወይም ጎማው ሲሰምጥ ዳዶውና የፎርኩ አንገት መሬት ይነካሉ፤ ከነኩ በኋላ እግሩ ወደ ኋላ ተጠቅልሎ አውሮፕላኑ በአፍንጫው ይተከላል፣ አንዳንዴም ይገለበጣል። ይህ ከተጀመረ የእግሩ ውፍረት አያድንም። ስለዚህ ቶርኖ ቤት ከተናገሩት ጋር በሙሉ እስማማለሁ፤ የምትሠሩት ማሻሻያ ርቀቱን የሚጨምር እንጂ ዘንጉን የሚያወፍር አይሁን። የጎማው አየር ሲጎድልም ይህ ርቀት ስለሚቀንስ ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት አየሩ በመለኪያ ይታይ፤ ዘቢቸና አየሩን መጠነኛ ስለማድረግ ያሉትን በዚህ ምክንያት በትንሹ ጎማ ላይ አልመክርም።

የቀረው የአብራሪው እጅና እግር ነው። ቁጥር ልስጣችሁ። አውሮፕላኑ 600 ኪሎ ግራም ቢሆንና ቆሞ ሳለ 12 በመቶው በፊት ጎማው ላይ ቢያርፍ 72 ኪሎ ግራም ነው። የክብደት ማዕከሉ ከመሬት 1 ሜትር ከፍ ያለ፣ በፊትና በዋና ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 1.4 ሜትር ነው እንበል፤ አብራሪው ፍሬን በኃይል ረግጦ ፍጥነቱን በመሬት ስበት 0.3 እጥፍ ቢቀንስ በፊት ጎማው ላይ ያለው ጭነት ወደ 200 ኪሎ ግራም ይጠጋል። እናንተ አቅጣጫ የምትይዙት በፍሬን ስለሆነ ሳታስቡት ይህን ጭነት በተደጋጋሚ እየጨመራችሁ ሊሆን ይችላል። ሲኮበኮብ የመሪው ዘንግ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተስቦ ይያዝ፤ የፕሮፔለሩ ነፋስ በኤሌቬተሩ (አፍንጫውን ከፍና ዝቅ በሚያደርገው የጅራቱ ተንቀሳቃሽ ክፍል) ላይ አርፎ አፍንጫውን ያቃልለዋል። ፍሬኑ በአጭር በአጭሩ እየተነካ ይለቀቅ እንጂ አይያዝ።

ከፍታውንም አትርሱ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ያህል፣ ደብረ ማርቆስ ደግሞ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። አየሩ ስለሚሳሳ በፍጥነት መለኪያው ላይ ያው ቁጥር እየታየ በመሬት ላይ ያለው ፍጥነት በመጀመሪያው ቦታ 9 በመቶ፣ በሁለተኛው 13 በመቶ ያህል ይበልጣል፤ ሲሞቅ ደግሞ ይጨምራል። የእንቅስቃሴ ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ ያው አውሮፕላን ባሕር ዳር ላይ ሲያርፍ ከባሕር ጠለል ይልቅ 19 በመቶ ያህል ተጨማሪ ጉልበት ይዞ ነው። ለውጭ አገር ሜዳ በተጻፈ የጥገና ሠንጠረዥ ላይ ያለውን የጊዜ ርቀት ለእኛ አገር ሊሰፋ እንደሚችል ሳይሆን ሊያጥር እንደሚገባ አድርጋችሁ አንብቡት።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በቶርኖ ቤት ምክር አፍንጫውን አንሥተን ለካነው፤ ፎርኩ ከ4 ኪሎ ግራም በታች ሲሳብ ይዞራል፣ ጎማው ደግሞ በእጅ ሲገፋ ወዲያው ይቆማል። የሞተር መያዣው ብየዳዎች ንጹሕ ናቸው፤ ቆርቆሮውም አልተጨማደደም። ዳዶውን ወዲያው አጥብቀን ወደ ሜዳ እንመለስ ወይስ ማራራቂያው እስኪሠራ እንጠብቅ?

ቶርኖ ቤት (ደብረ ማርቆስ)

ጠብቁ። ሁለቱን አንድ ላይ ከለወጥን የትኛው መርገብገቡን እንዳስቆመ አናውቅም ትሉ ይሆናል፤ ነገር ግን ጎማው ታፍኖ ሳለ የፎርኩን ሰበቃ ማሳደግ እግሩን በጎንም በኋላም ያስጨንቀዋል። መጀመሪያ ማራራቂያው ይግባ፣ ኩሽኔታው ታጥቦ አዲስ ግራሶ ይቀባ፣ ጎማውም ከነካላማዳሪው ሚዛኑ ይስተካከል። ቀጥሎ ፎርኩን ፈታችሁ ሮንዴላዎቹን እዩ፤ የተሰነጠቀ ወይም የተዘረጋ ካለ ሁሉንም ለውጡ። ከዚያ ዳዶውን ጥቂት በጥቂት እያጠበቃችሁ በሚዛን ለኩ፣ ልኩ ሲደርስ በአዲስ ኮተር ፒን (ዳዶው እንዳይፈታ በሚይዘው ባለሁለት እግር ሽቦ) ቆልፉት፤ አሮጌውን ፒን አቃንታችሁ አትመልሱት። ዘንጉን በነጭ ቀለም ቀቡት፤ ስንጥቅና ዝገት ቶሎ ይታያል። በአግድም የተጫረ ጭረት ካለበት አስቀድማችሁ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በዘንጉ ርዝመት አቅጣጫ አጥፉት።

ሮንዴላዎቹ አዲስ ሲሆኑ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይረግባሉ፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው የማኮብኮብ ሙከራ በኋላ እንደገና ለኩና ቁጥሩን በአውሮፕላኑ መዝገብ ላይ ከቀኑ ጋር ጻፉት። የፎርኩ ጫፍ ከመሬት ያለውንም ርቀት ሁለት ሰዎች ተቀምጠውበት፣ ነዳጁ ሞልቶ ለክታችሁ እዚህ ብታሰፍሩልን ከጮቄ ሥር ጋር ሆነን የፎርኩን አዲስ ሥዕል እንመለከተዋለን።