ሊፍቱ ወደ ላይ እየሄደ ሚዛኑ ለምን ቀነሰ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ከነገ ወዲያ ፈተና አለብኝ፤ እባካችሁ አግዙኝ። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ 60 ኪሎ ግራም የሆነ ሰው ሊፍት ውስጥ ሚዛን ላይ ቆሟል። ሊፍቱ ወደ ላይ እየወጣ ሳለ ሊቆም ሲል ፍጥነቱ ይቀንሳል። የሚቀንሰው በየሰከንዱ 1.5 ሜትር በሰከንድ ነው። ሚዛኑ ስንት ኒውተን ያሳያል? እኔ 60 × (9.8 + 1.5) ብዬ 678 አገኘሁ። መልሱ ግን 498 ነው ይላል። ወደ ላይ እየሄደ እንዴት ይቀንሳል? ሁለት ቀን ሙሉ ስታገለው ነበር።

መልስ 1፦
498 ልክ ነው። አንቺ ያየሽው ሊፍቱ የሚሄድበትን አቅጣጫ ነው። ስሌቱ ውስጥ የሚገባው ግን አክስለሬሽኑ፣ ማለትም የፍጥነቱ ለውጥ ነው። ወደ ላይ እየሄደ ፍጥነቱ ከቀነሰ አክስለሬሽኑ ወደ ታች ነው። ስለዚህ ትደምሪ የነበረውን ቀንሺው፤ 60 × (9.8 − 1.5)።

ጠያቂዋ፦
አመሰግናለሁ፣ ስሌቱ ገባኝ። ግን ሰውየው ምን ሆኖ ነው የቀለለው? የመሬት ስበት ቀነሰ እንዴ?

መልስ 2፦
እኔ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ይህን መጠየቅሽ በጣም ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ተማሪ ቀመሩን ሸምድዶ ያልፈዋል።

ስበቱ አልቀነሰም። ሊፍቱ ቢወጣም ቢወርድም 60 × 9.8 = 588 ኒውተን ነው። ሚዛኑ ግን ስበትን አይለካም። የሚለካው እሱ ራሱ እግርሽን ወደ ላይ የሚገፋበትን ኃይል ነው። ሁለቱ እኩል የሚሆኑት ሊፍቱ ሲቆም ወይም በአንድ ፍጥነት ሲሄድ ብቻ ነው።

አሁን ሰውየውን አስቢው። ወደ ላይ በሚሄድበት ፍጥነት መቀጠል ነው የሚቀናው። ወለሉ ደግሞ ከሥሩ እየዘገየ ነው። ስለዚህ እግሩ ወለሉን እንደ በፊቱ አይጫነውም። ወለሉም ያን ያህል አይገፋውም። ስበቱ 588፣ ግፊቱ 498፤ ልዩነቱ 90 ኒውተን ወደ ታች። 60 × 1.5 ስንት ነው? 90! ሰውየውን ከሊፍቱ እኩል የሚያዘገየው ይህ ነው።

አደራ፣ ሥዕሉ ላይ ቀስቶቹ ሁለት ብቻ ይሁኑ፤ ስበቱና የወለሉ ግፊት። ተማሪዎች «የሊፍቱ ኃይል» ብለው ሦስተኛ ቀስት ሲጨምሩ አያለሁ። ሰውየውን የሚነካው ወለሉ ነው፤ ሌላ የለም።

መልስ 3፦
የሊፍት ጥገና ባለሙያ ነኝ። ሚዛን ይዘሽ ግቢና ሞክሪው። ቁጥሩ የሚንቀሳቀሰው ሲነሳና ሊቆም ሲል ብቻ ነው፤ መሃል ላይ ዝም ይላል። በኪሎ የሚያነብ ሚዛን ከሆነ በዚህ ጥያቄ 51 ኪሎ አካባቢ ያሳያል። ሰውየው ግን አንድ ግራም እንኳ አልከሳም።

ገመዱም ላይ ያው ነው። ሳጥኑ ከነሰዎቹ 800 ኪሎ ግራም ቢሆን፣ ቆሞ ሳለ ገመዱ 7,840 ኒውተን ይሸከማል። ወደ ላይ በ1 ሜትር በሰከንድ ካሬ ሲነሳ ግን 8,640 ይደርሳል። ከባዱ ጊዜ መነሻው ነው።

ጠያቂዋ፦
ገመዱ ቢበጠስስ? ሚዛኑ ዜሮ ይሆናል?

መልስ 3፦
የሚይዘው ነገር ከሌለ አዎ፣ ዜሮ ነው። ሚዛኑም ሰውየውም እኩል ስለሚወድቁ አንዱ ሌላውን አይጫነውም። ግን አትስጊ፤ ሊፍት የሚሰቀለው በአንድ ገመድ ብቻ አይደለም። ፍጥነቱ ከልክ ካለፈ ደግሞ የሳጥኑ ፍሬን ሐዲዱን ነክሶ ያስቆመዋል።

ጠያቂዋ፦
እሺ፣ ራሴን ልፈትን። ሊፍቱ እየወረደ ሊቆም ሲል ፍጥነቱ ወደ ታች ነው፣ ግን እየቀነሰ ነው። ስለዚህ አክስለሬሽኑ ወደ ላይ ነው። 60 × 11.3 = 678። ልክ ነኝ?

መልስ 2፦
ልክ ነሽ! መጀመሪያ ያገኘሽው 678 የዚህኛው ጥያቄ መልስ ነበር።