የዕቅድ ውይይት፦ በፒያሳና አካባቢው ከእንግዳ የምንተዳደር ለክፍለ ከተማው የምናስገባው የቱሪዝም መለኪያ ሰነድ

ጸሐፊ
ረቂቁ ተለጥፏል። በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ክፍለ ከተማ ይገባል። እያንዳንዳችን 1500 ብር ያዋጣነው ለዚህ ነውና ያላነበበ አስተያየት አይስጥ።

ነገሩ አጭር ነው። እስከዛሬ የሚጠየቀው «ስንት ቱሪስት ገባ» ብቻ ነው። ቦሌ ላይ የተቆጠረ ሁሉ ፒያሳ አይደርስም። ስብሰባ ተቀምጦ የሚመለስ አለ። አውሮፕላን ለመቀየር አንድ ሌሊት አድሮ የሚሄድ አለ። እኛ እንዲለካ የምንፈልገው ሌላ ነው። እንግዳው ስንት ሌሊት አደረ? ከከፈለው ብር ስንቱ እዚሁ ሰፈር ቀረ? አንድ አልጋ በቀን ስንት ሊትር ውሃ ይፈጃል? ይሄ የዘላቂነቱ ክፍል ነው። ሁለተኛው የአይበገሬነት ክፍል ነው። ችግር ሲመጣ ስንት ወር ሥራ እንፈታለን? ወደነበርንበት ለመመለስስ ስንት ወር ይፈጅብናል?

ከኪሳችን ያወጣነው ነገር አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን በየካቲት 2016 የቱሪዝምን ዘላቂነት መለኪያ ማዕቀፍ አጽድቋል። ኢኮኖሚውን፣ ማኅበረሰቡንና አካባቢውን አንድ ላይ ይዞ ነው የሚለካው።

ባለ ሱቅ፣ ቸርችል ጎዳና
አንብቤዋለሁ። ገጽ 3 ላይ «አይበገሬነት» የሚለው ይውጣ። አይበገሬ ማለት የማይረታ ማለት ነው። እኛ ተረትተናል። ኮሮና ሲገባ ሱቄን ዘግቼ ሁለት ልጆች አሰናብቻለሁ። ያኔ ያልተሸጠው ነጠላ ዛሬም መደርደሪያው ላይ ቢጫ ሆኖ ተቀምጧል። ውሸት ላይ አልፈርምም።

ጸሐፊ
ጋሼ፣ ቃሉ የእኔ አይደለም። መንግሥት በ2004 ያወጣው ስትራቴጂ ራሱ «ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ» ነው የሚለው። ክፍለ ከተማ ያለው ሰው የለመደውን ቃል ካላየ ወረቀቱን አጥፎ ያስቀምጠዋል።

አስጎብኚ፣ አራት ኪሎ
«ጽናት» ይባልና ይለቅ። አጭር ነው። ሁሉም ያውቀዋል።

የፔንሲዮን ባለቤት
ጽናት የለቅሶ ቤት ቃል ነው። «ጽናቱን ይስጣችሁ» ነው የሚባለው። ያነበበ ሁሉ የሞተብን ይመስለዋል።

አስጎብኚ፣ አራት ኪሎ
ሞቶብናል እኮ። ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ፈርሶ የለ?

የፔንሲዮን ባለቤት
እሱን አትንካብኝ።

የእንግዳ መዝገቤን ዛሬ አውጥቼ አየሁት። ጠንካራ ሽፋን ያለው ሰማያዊ ደብተር ነው። መጋቢት 2012 ላይ የመጨረሻው መስመር አንድ ጀርመናዊ ነው። ሦስት ሌሊት ከፍሎ በሁለተኛው ቀን ወጣ። ጎኑ ላይ በቀይ «ቀሪው ተመላሽ» ብዬ ጽፌአለሁ። ከሱ በታች ያለው መስመር ጥር 2013 ይላል። በመሀል አንድ ጣት የሚያህል ባዶ ቦታ ትቻለሁ። አሥር ወር ማለት ነው። ስም አውጡለት ካላችሁ እናንተ አውጡለት፤ የእኔ መለኪያ ግን ይሄ ነው።

ጸሐፊ
እትዬ፣ የምንፈልገው ይሄንን ነው። ሌሎቹም ፔንሲዮኖች መዝገብ አላቸው። ማን ዞሮ ይሰበስባል?

ወጣቱ አስጎብኚ
እኔ። ቅዳሜና እሁድ ዞሬ በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ። ሰኞ ታገኙታላችሁ።

ባለ ሱቅ፣ ቸርችል ጎዳና
የቃሉ ጉዳይ አልተመለሰም።

ገንዘብ ያዥ
ማተሚያ ቤቱ የሚያስከፍለው በገጽ ነው። «የመቋቋም አቅም» በሉትና ወደ ሥራ እንሂድ።

ባለ ሱቅ፣ ቸርችል ጎዳና
መቋቋም ቆሞ መቀበል ነው። እኔ አልቆምኩም። ወድቄ ነው የተነሳሁት፤ ያነሳችኝም ስምንት ወር ኪራይ ያልጠየቀችኝ አከራዬ ናት። ጣይቱ ሆቴልን በጥር 2007 እሳት በላው። እዚያው የነበረው የሙዚቃ ቤት፣ ጃዝ አምባ፣ አብሮ ነደደ። ሆቴሉ ዛሬም እንግዳ ያሳድራል። ይሄ አልተበገረም ነው የሚባለው? ወድቆ ተነሳ ነው እንጂ። «ወድቆ የመነሳት አቅም» ካላችሁ አሁኑኑ እፈርማለሁ።

አስጎብኚ፣ አራት ኪሎ
«መውደቅ» የሚል ርዕስ ይዘን ነው በጀት የምንጠይቀው? ጋሼ፣ ከመቼ ወዲህ ነው የአማርኛ አስተማሪያችን የሆኑት?

ባለ ሱቅ፣ ቸርችል ጎዳና
አንተ ሳትወለድ ቸርችል ላይ ቆሜ ዕቃ እሸጥ ነበር። ሁለተኛ እንዲህ አድርገህ እንዳትጽፍልኝ። ያዋጣሁት ይመለስልኝ።

ገንዘብ ያዥ
መዋጮ አይመለስም። ደንቡ ላይ አለ።

ባለ ሱቅ፣ ቸርችል ጎዳና
እንግዲያው ደንቡ ይፈርምላችሁ።

ሊቀመንበር
በቃ! ለአንድ ቃል ሦስት ቀን ሄደ። ጋሼ ሳይፈርሙ ሰነዱ ከዚህ አይወጣም። አንተም ይቅርታ ጠይቅ።

አስጎብኚ፣ አራት ኪሎ
ጋሼ፣ ይቅርታ። ከቡድን ጋር ፀሐይ ላይ ውዬ ደክሞኝ ነው የጻፍኩት።

ግን ከቃሉ የሚብስ ነገር አለ። ረቂቁ መነሻ ያደረገው 2011ን ነው። ከኮሮና በፊት ያለው ሙሉ ዓመት ስለሆነ ገባኝ። በ2011 የማስጎበኘው ፒያሳ ግን ዛሬ የለም። ያኔ ከጊዮርጊስ ተነስቼ በዶሮ ማነቂያ አቋርጬ ጣይቱ ምሳ አበላ ነበር። በመሀል ስድስት ሰዎች ጋ እቆም ነበር። አንዷ በረንዳቸው ላይ ቡና የሚያፈሉ እናት ነበሩ። እንግዳ ሲመጣ ካየች የልጅ ልጃቸው ረከቦቱን ታወጣለች።

በየካቲት 2016 የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ። ሰፈሩ የፈረሰውም ያኔ ነው። አሁን እንግዳዬ መታሰቢያው ውስጥ ረጅም ሰዓት ይቆያል፣ ደስ ብሎት ይወጣል። መንገዱም ሰፍቶ አምሯል። እነዚያ ስድስት ሰዎች ግን ከኔ እንግዳ ሳንቲም አያገኙም። ቁጥሩ «እንግዳ ጨመረ» ሊል ይችላል። የሰፈር ድርሻ የሚለው መስመር ከሌለ ይሄ የትም አይታይም። ስለዚህ ሁለት መነሻ ይኑረን። 2011 አንድ፣ 2017 ሁለት።

የፔንሲዮን ባለቤት
ልክ ነህ። ገቢንም በብር ብቻ አትለኩት። በሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ ያው 20 ዶላር የሚከፍል እንግዳ በጥቂት ወራት ውስጥ መዝገቤ ላይ እጥፍ ሆኖ ተጻፈ። አንሶላውም ሳሙናውም አብሮ ነው የተሰቀለው። ሌሊት ቁጠሩ፤ ሌሊት አይዋሽም። ውሃውን ደግሞ በሮቶ አድርጉት። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። የእኔ ሮቶ 2000 ሊትር ነው። ሁሉም አልጋ ሲያዝ በስንት ቀን እንደሚያልቅ ማንም ባለሙያ ሳይነግረኝ አውቃለሁ።

ጸሐፊ
ሁለቱንም አስገብቻለሁ። አንድ ሌላም ጨምሬአለሁ። እንግዳችን ከስንት ቦታ ይመጣል የሚል ነው። መስቀልና ጥምቀት ላይ፣ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲሆንም አልጋ ይጠፋል። ክረምት ላይ ባዶ ነው። በአንድ ወቅትና በአንድ ዓይነት እንግዳ የሚኖር ቤት ያ እንግዳ ሲቀር አብሮ ይዘጋል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 በነበረው ጦርነት ወደ ሰሜን የሚሄድ እንግዳ ብቻ ያሳድሩ የነበሩት ቀድመው ዘጉ። የአገር ውስጥ እንግዳ የነበራቸው ቆዩ።

የመዝገቡ ልጅ ምን ደረሰ? ዛሬ ረቡዕ ነው።

ገንዘብ ያዥ
ስልኩ አይነሳም።

አስጎብኚ፣ አራት ኪሎ
ላሊበላ ቡድን ይዞ ሄዷል አሉ።

ባለ ሱቅ፣ ቸርችል ጎዳና
ይቅርታህን ተቀብያለሁ፣ ልጄ። ቃሉ ግን ገጽ 3 ላይ እንዳለ ነው።

የሚኒባስ ሹፌር
እስካሁን ሳነብ ነው የቆየሁት። ቃሉን የፈለጋችሁትን በሉት። ትናንት 14 ሰው ጭኜ ጊዮርጊስ ስደርስ የማወርድበት አጣሁ። ሁለት ዙር ዞርኩ። ከቆምኩ ቅጣት ነው፤ የቀን ሥራዬን ይወስደዋል። አንዲት አዛውንት ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ከሩቅ አውርጄ በምርኩዝ ሲሄዱ በስፖኪዮ አየኋቸው። አፍሬአለሁ። እንዲህ ያለውን የሚለካ መስመር ረቂቁ ላይ የታለ?

አስጎብኚ፣ አራት ኪሎ
እውነቱን ነው።

የፔንሲዮን ባለቤት
ለእኔም ሻንጣ የሚያወርድ መኪና መቆሚያ የለውም።

ባለ ሱቅ፣ ቸርችል ጎዳና
አውቶቡስ ሱቄ ደጃፍ መቆም ካቆመ ወዲህ በመስኮት አይተውኝ ነው የሚያልፉት። ዋናው ይሄ ነው። ይሄ ይጻፍ።

ሊቀመንበር
ተጨባጭ ጥያቄ ይሄ ነው። ክፍለ ከተማው የማውረጃ ቦታ ቢባል ወዲያው ይገባዋል።

ጸሐፊ
ሊቀመንበር፣ ማውረጃ መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ መለኪያ ማስገባት ሌላ። ማውረጃውን ዛሬ በደብዳቤ ቢሰጡን ነገ በደብዳቤ ይነሳል። መለኪያው ዕቅድ ውስጥ ከገባ ግን በየዓመቱ «የሰፈሩ ሰው ምን አገኘ፣ ምን አጣ» ተብሎ ይጠየቃል። በ2016 ይሄ ጥያቄ የሚጠየቅበት ወረቀት ቢኖር እነዚያ ስድስት ሰዎች ቢያንስ አንድ መስመር ይኖራቸው ነበር። እባካችሁ ይሄንን አንልቀቅ።

ሊቀመንበር
አልለቀቅንም። ማውረጃው ዋና ጥያቄ፣ መለኪያው አባሪ ይሁን። የምትደግፉ «እሺ» በሉ።

የሚኒባስ ሹፌር
እሺ።

ገንዘብ ያዥ
እሺ። ገጽም ይቀንሳል።

ባለ ሱቅ፣ ቸርችል ጎዳና
እሺ።

አስጎብኚ፣ አራት ኪሎ
ሁለቱም አንድ ላይ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እሺ።

ጸሐፊ
ርዕሱ ተቀይሯል፦ «በፒያሳና አካባቢው የእንግዳ ማውረጃና መጫኛ ቦታ እንዲፈቀድ የቀረበ ጥያቄ»። መለኪያዎቹ አባሪ 2 ሆነዋል። የቀሩት ሦስት ናቸው፦ የአዳር ብዛት፣ የሰፈር ድርሻ፣ ሥራ የተፈታበት ወር። ለሦስተኛው «ወድቆ የመነሻ ጊዜ» የሚል ስም ሰጥቼዋለሁ። ጋሼ፣ ይፈርማሉ?

ባለ ሱቅ፣ ቸርችል ጎዳና
እፈርማለሁ። እኔ ግን «አቅም» ነው ያልኩት።

አስጎብኚ፣ አራት ኪሎ
አቅም በወር አይቆጠርም፣ ጋሼ።

የፔንሲዮን ባለቤት
ልጁ አልመጣም። መዝገቤን ራሴ ፎቶ አንስቼ ልኬልሃለሁ። ስታሳትመው ያንን ባዶ ቦታ እንዳትቆርጠው።