ጥቆማ፦ የእናቴን ጉልቻ በምን ልቀይረው?

ጥያቄ (ሰላ ድንጋይ)፦ እማዬ እስካሁን እንጀራ የምትጋግረው በጉልቻ ነው። ማድ ቤቱ በጥላሸት ጠቁሯል፣ ዓይኗም እየደከመ ነው። መብራት ገብቷል። ኤሌክትሪክ ምጣድ ልግዛላት ወይስ የተሻሻለ የእንጨት ምድጃ? የሞከራችሁ ምከሩኝ።

መልስ (ደብረ ብርሃን)፦ እህቴ፣ እኔ ብሆን «ምርጥ» የሚባለውን ምድጃ አስቀድማለሁ። ያ ከሲሚንቶና ከእሳተ ገሞራ አሸዋ ተቀርጾ በክፍል በክፍል የሚገጣጠመው ነው፤ ምጣዱ ከላይ ይቀመጣል፣ ከኋላ በጭሱ መውጫ ላይ ድስት ይጣዳል። ከጉልቻ ይልቅ እንጨት በግማሽ ያህል ይቆጥባል፣ ግን በደንብ ሲገጠም ነው። የክፍሎቹ መጋጠሚያ በጭቃ ካልተመረገ እሳቱ በዚያው ያመልጣል። ገበያ ከመውጣትሽ በፊት የምጣዳቸውን ስፋት በገመድ ለክተሽ ያዢ፤ የተለመደው የሚሠራው 60 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ለሆነ ምጣድ ነው።

ስትገዢ ጠርዙን በጥፍርሽ ፋቂው። ሲሚንቶ ከተቀረጸ በኋላ ሳምንት ያህል ውሃ መጠጣት አለበት፤ ሳይጠጣ ፀሐይ ላይ ደርቆ ለገበያ የወጣው ዱቄት ይረግፋል፣ እሱን እለፊው። ክፍሎቹንም ከአንድ ሠሪ ውሰጂ፣ የተለያየ ሰው ቅርጽ አይገጥምም። በአይሱዙ ስትልኪ በጭድ ጠቅልለሽ በጎናቸው አቁሚያቸው፤ ረዳቱ እህል እንዳይጭንባቸው አደራ በዪው (አደራውን ከጥቂት ብር ጋር ቢሆን ይሻላል)።

ጭሱ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ያሳሰበሽ ዓይናቸው ከሆነ ከኋላው የቆርቆሮ ጭስ ማውጫ አሠሪለት፤ የድስቱን ቦታ ታጪያለሽ፣ ይሁን። ለወጡ ትክክል የሚባለውን፣ ውጩ ቆርቆሮ ውስጡ ሸክላ የሆነውን ትንሽ ምድጃ ጨምሪላቸው፤ ጭራሮ ይበቃዋል። ላቀች የሚባለው ምድጃም ጥሩ ነው፣ ግን የከሰል ነው፤ በዚህ ብርድ በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ እኔ አልመክርም። ጭሱ አይታይም እንጂ ይገድላል።

መልስ (መሐል ሜዳ)፦ ከላይ የተባለው ለባሕር ዛፍ ነው። እኛ መንዝ በአብዛኛው የምናነደው ኩበት ነው፣ የኩበት አመድ ደግሞ ብዙ ነው። የምርጥ አፉ ጠባብ ስለሆነ አመዱ ቶሎ ያፍነዋል፤ በየመሃሉ ካልተጠረገ እሳቱ ይሞትና ምድጃው ይታማል። ባዮጋዝ የሚሏችሁም ካሉ፣ ከብት ብቻ አይበቃም፤ በየቀኑ ከእበቱ ጋር የሚበጠበጥ ውሃ ይፈልጋል፣ የደጋው ብርድም ጋዙን ያሳንሰዋል።

መልስ (ደብረ ብርሃን፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ)፦ መብራት ካለ ምጣዱን የሚያህል የለም፣ ጭስ የሚባል ነገር አያውቅም። ችግሩ መስመሩ ላይ ነው። ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት አካባቢ ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ገደማ ነው። አምፖል በሚያበራ ቀጭን ሽቦ ላይ ከተሰካ ሶኬቱ ይቀልጣል። ከቆጣሪው ለብቻው የሚመጣ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና የምድር ሽቦ ያስፈልገዋል። መስመሩ ከሌላ ሰው ቆጣሪ የተሳበ ከሆነ ጭራሽ አታስቢው። ምጣዱን ስትመርጪ ከታች በብሎን የሚከፈተውን ውሰጂ፤ ሬዚስታንሱ (የሚግለው ሽቦ) ሲቃጠል እሱን ብቻ ትቀይሪያለሽ። አንድ ሰዓት ተኩል ቢጋገርበት ወደ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጥራል፤ ታሪፉ ከመስከረም 2017 ወዲህ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ስለሆነ ከሸክም እንጨት ዋጋ ጋር አስተያዪው። ምርጡም ቢሆን አይጣል፣ መብራት የሚጠፋው ሊጥ ኩፍ ባለ ቀን ነው።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ቆጣሪው የአጎቴ ነው፣ ስለዚህ መብራቱ ይቆይ። ምርጥና ትክክል እወስድላታለሁ። ጭስ ማውጫውን እዚያው ሰላ ድንጋይ የሚሠራ ቆርቆሮ ሠሪ የምታውቁ ካላችሁ?