ራኩኖች የአጋዘኖቹን በቆሎ እየጨረሱብን ነው፤ መላ ያላችሁ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ። ቴክሳስ ውስጥ፣ ከኦስቲን በስተምዕራብ ባለችን ቁራጭ መሬት ላይ ለአጋዘኖች በቆሎ የሚበትን መመገቢያ ተክለናል። በሦስት የብረት እግሮች የቆመ በርሜል ነው። ከሥሩ በባትሪ የሚሽከረከር ሳህን አለው፤ ጠዋትና ማታ ሰዓቱ ሲደርስ በቆሎውን ዙሪያውን ይረጨዋል።

መከራችን ራኩን ነው። ለማታውቁት፣ ዓይኑ ዙሪያ ጥቁር፣ ጭራው ባለ ቀለበት፣ በፊት እግሮቹ ጣቶች እንደ ሰው እጅ የሚጠቀም የሌሊት እንስሳ ነው። ካሜራው እንዳሳየን አንዱ በብረቱ ይወጣና ሳህኑን በጣቶቹ ያሽከረክራል፤ ሌሎቹ ከታች የሚወርደውን ይለቅማሉ። ሲነጋ በርሜሉ ባዶ ነው።

እግሮቹን ቅባት ብንቀባቸውም አቧራ ያዘና መልሰው ወጡበት። አሁን ሳህኑን በሽቦ ወንፊት ለመክበብ እያሰብሁ ነው። ነገር ግን ቀዳዳው እጃቸውን እስኪከለክል ከጠበበ በቆሎው እየተጋጨ እዚያው ሥር እንዳይከመር እሰጋለሁ። እርጥበት ያገኘው በቆሎ ይሻግታል፤ ከሻጋታው የሚመጣው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ደግሞ አጋዘኑንም ወፉንም ይጎዳል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው።

ለራኩኖቹ መርዝ ማኖር በፍጹም አልፈልግም።

እግሮቹን በለስላሳ ቆርቆሮ የሸፈነ አለ? ቆርቆሮው ከመሬት ምን ያህል ከፍ ማለት አለበት? የዱር አሳማዎች እንዳይገቡም አጥር እንድናጥር ተመክረናል፤ ትልልቆቹ አጋዘኖች ዘለው ይገባሉ፣ ግልገሎቹስ እንዴት ይሆናሉ? የሞከራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።